«ደህና ነው» ያልኩት ደም

ሸዋ ሮቢት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ዕድሜው የሚያልቀው ወባ በመፈለግ ነው። እኔም ሃያ ዓመት ያህል የቆላውን ሰው ጣት ስወጋ ኖሬያለሁ። «አለ» ወይም «የለም» ብዬ ወረቀቱን በመስኮት እሰጣለሁ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል፤ ማባበል አላውቅም። በሥራዬ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸሁት ለአባቴ ነው።

አባቴ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ነበር። ጨጓራው ላይ ካንሰር ተገኝቶበት አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከዚያ እዚያው በየዙሩ የሚሰጥ ኬሞ የሚባል መድኃኒት ታዘዘለት። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደሙን እዚሁ እኔ እቀዳና ውጤቱን ለሐኪሙ በስልክ እልካለሁ። ሐኪሙ ምን ማየት እንዳለብኝ አስረድቶኛል። ከነጭ የደም ሴሎች አንደኛው ዓይነት እየበዛ ሌላው እየተመናመነ ከሄደ፣ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲንም አብሮ ከወረደ፣ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አይሳካም።

«ምልክት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» አለኝ። «ግን ከከፋ አትደብቂያቸው። የሚፈልጉትን የሚያደርጉበት ጊዜ ያገኛሉ።»

አባቴ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። አሊዩ አምባ ታላቅ እህት አለችው። እናታቸው የሞተች ዕለት፣ ጀናዛ ሳይቀበር አይቆይም ብሎ፣ እሷ ሳትደርስ አስቀበረ። «የእናቴን ፊት ነፈግኸኝ፤ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።

መጀመሪያ ደሙን የቀዳሁ ቀን ክንዱን ዘርግቶ፣ «ልጄ፣ ደሜ ከከፋ ቶሎ ንገሪኝ» አለኝ። «እህቴ ዘንድ ሄጄ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። ደህና ከሆነ ግን ሽንኩርቱ ሲነሳ፣ ጠንከር ብዬ ነው የምሄደው። እንዲህ ከስቼ ካየችኝ በእዝነት ነው አፉ የምትለኝ፤ እኔ ደግሞ ከልቧ ነው የምፈልገው።» ቀጥሎም፣ «ወይ ወባ ነው በይና ገላግይኝ» ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ውጤት ክፉ አልነበረም። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ያወጣውን ሳይ አላመንኩም። ማሽኑን አጥቤ ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። አልቡሚኑም ወርዷል። አባቴ ውጭ አግዳሚው ላይ ከሌሎች በሽተኞች ጋር ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

«ምን ይላል?» አለኝ ገና ብቅ ስል።

«ደህና ነው፣ አባዬ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለና አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ፣ «ልጄ እኮ ናት፣ የሷ እጅ በረካ አለው» አለው።

ለሐኪሙ ትክክለኛውን ቁጥር ላክሁ። ደውሎ «ነገርሻቸው?» ሲለኝ «አዎ፣ እቀጥላለሁ ይላል» አልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ከበሽተኛው የደበቀችውን ግን ተረቱ አላሰባትም። ያኔ ለእሱ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። የፈራሁት ግን ለራሴ ነው፤ ፊቱ ሲለወጥ ማየት አቃተኝ።

ስለዚህ ወደ አሊዩ አምባ መሄድ ሲችል ወደ አዲስ አበባ ወሰድኩት። የደብረ ሲናን አቀበት ስንወጣ በፌስታል ያስመልሳል። አፉን ጠርጎ፣ «መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው» ይለኛል። እኔ በመስኮት ወደ ገደሉ አያለሁ። ከአራተኛው ዙር በኋላ ከአልጋ አልተነሳም። ሽንኩርቱ ገና ማሳ ላይ እንዳለ ሞተ።

የዚያን ዕለት ወደ አክስቴ ሰው ልኬ ሽማግሌዎቹን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኩ፤ እሷ እንድትደርስ ቀብሩ እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዲቆይ። እያጉረመረሙ ቆዩልኝ። አክስቴ ደረሰች። ፊቱን ገልጣ ብዙ አየችው። አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «አክስቴ፣ ሊመጣ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ደምህ ደህና ነው ብዬ» አልኳት።

ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ «መታመሙን ሰምቻለሁ» አለች። «ጎረቤቴ ለሕክምና ወደዚህ ስትወርድ፣ የኔን ስም ሳታነሺ ጠይቂልኝ ብዬ ወደ መስኮትሽ ልኬያት ነበር።»

አስታወስኳት። ወረቀቷን እየተቀበለች «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ያለችኝ ሴት ናት። «ደህና ናቸው፣ እየተሻላቸው ነው» ብያታለሁ። በዚያ ሰሞን ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው እሱኑ ነበር።

«እኔም ከተሻለው ታናሽ ነውና እሱ ይቅደም ብዬ ተቀመጥኩ» አለች አክስቴ።

እጇን ይዤ፣ «አፉ ይበሉኝ» አልኳት። አለቀስኩ።

«እኔስ አፉ ብዬሻለሁ፣ ልጄ። ደጄን አትርገጥ ያልኩት ግን እሱን ነበር። አፉ እንዲለኝ የምፈልገው እሱ ነበር።»

አዛን ተባለና ወንዶቹ ሊያነሱት ገቡ።