ቅዳሜ የቀዳሁት ነዳጅ

ከሐዋሳ የወጣሁት ከቤቴ ሳይሆን ከቤንዚን ሰልፍ ላይ ነው። ያጋነንኩ ይመስላችኋል፣ ግን እንደዚያ ነው የሆነው። ማታ ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን እየጠበቀኝ፣ ባጃጄ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ማደያ ፊት ሁለት ቀን ተሰልፋ ከፊቷ ዘጠኝ ብቻ ቀርተዋታል። ሁለት ቀን የተጠበቀ ተራ ጥሎ መሄድ እንዴት ይቻላል? ሚስቴ መሠረት ሻንጣዬን ይዛ ሰልፉ ድረስ መጣች። እዚያው ተሰናበትን። እኔ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ላይ ስወጣ፣ እሷ ተራው እንዳያልፍ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያለቀስኩት ሞጆ ስደርስ ነው። እስከዚያ ድረስ የማስበው ቤንዚኑ ደርሷት ይሆን እያልኩ ነበር።

አሁን ያለሁት ስዊድን፣ ጎተንበርግ የምትባል የወደብ ከተማ ነው። አጎቴ ባገኘልኝ ሥራ መጥቼ ሁለት ዓመት ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ካጠብኩ በኋላ የታክሲ ፈቃድ አወጣሁ። መኪናዋ የአሠሪዬ ናት፣ ነዳጁ ግን በእኔ ነው። ነዳጁ ከምን እንደሚሠራ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከተጣራ የመጥበሻ ዘይት ነው፤ ኤች ቪ ኦ ይሉታል። እኛ ዘንድ ቤንዚኑ ላይ የስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ሲጨመርበት፣ ሞተር ባነጠሰ ቁጥር «ስኳር ይዟት ነው» እየተባባልን እንስቅ ነበር። እዚህ የመጀመሪያ ቀን ስቀዳ የሐዋሳው ሐይቅ ዳር፣ የአሞራ ገደል የዓሣ ጥብስ ይሸተኛል ብዬ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ምንም አይሸትም። ምግባቸውም እንዲሁ ነው።

ሐሳቤ ሁሉ መሠረትን ማምጣት ነበር። ለዚህ ደግሞ ቤት ያስፈልጋል። የስደተኞች መሥሪያ ቤት ያለችው ሴትዮ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ሚስትህ የት ነው የምትተኛው?»

«አጠገቤ ነዋ።»

«ለዚያ የቤት ውል አለህ?»

አልነበረኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ፈልጌ ነው ጉናርን ያገኘሁት። ጉናር ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው። ሁለት ክፍል ቤት በስድስት ወር ውል አከራዩኝ፣ ጠባዬን አይተው በረጅም ጊዜ ውል ሊያድሱልኝም ቃል ገቡ። መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው ያንን ረጅሙን ውል ነው። በዚህ አገር ሽማግሌም አንተ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን ለጉናር እርስዎን በልቤ እጨምርላቸው ነበር።

ውሉ ሊታደስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጧት ሬዲዮው ስለ ነዳጅ ስካት ማውራት ጀመረ። ስካት ማለት ግብር ነው። «ከሰኞ ጀምሮ» የሚለውን ስሰማ ቁርሴን ትቼ ተነሳሁ። የሐዋሳ ሹፌር ነዳጅና ሰኞ አንድ ላይ ከተነገሩ ወሬው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የጠበቀ ሰው ሰልፉ ጭራ ላይ ነው የሚገኘው። ያጠራቀምኩትን የሃይላንድ ጠርሙስ ሁሉ ጭኜ ማደያ ሄድኩ። ሰልፍ የለም። እንዲያውም ሰው የለም። ይህ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፣ እኔ ግን ቀደምኳቸው ብዬ ደስ አለኝ። በጠርሙስ ለመቅዳት የቀበሌ ደብዳቤ የጠየቀኝም የለም። አርባ ጠርሙስ ሞልቼ ምድር ቤት ባለችው የዕቃ ክፍሌ ደረደርኩና ብርድ ልብስ አለበስኩት።

ሰኞ ጉናር የውሃ ቧንቧ ሊያዩ ምድር ቤት ወረዱ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ነዳጅ ነው። ስካቱ ሊጨምር ነው ብዬ ቅዳሜ ቀዳሁ።»

«ነዳጅ ያልቃል ያለህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ማደያው ሊዘጋ ነበር?»

«አይ።»

«ታዲያ ሰባት ቤተሰብ ከሚተኛበት ሥር ለምን ታስቀምጣለህ?»

እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም። እኛ ዘንድ እኮ አልጋው ሥር ጀሪካን የሌለው ሹፌር ሰነፍ ነው።

«ለክፉ ቀን ነው» አልኳቸው።

«የዛሬውን ዋጋ አይተሃል?»

አላየሁም ነበር። ዋጋው ቀንሷል። ሬዲዮው ሊል የነበረው ከሰኞ ጀምሮ ከዘይት በሚሠራ ነዳጅ ላይ ስካቱ ይነሳል ነው።

ጉናር አልጮሁም። «ክፉ ሰው አይደለህም፣ ግን ውሉን አላድስልህም» አሉኝ። ሚስቴ ልትመጣ ነው፣ ያለዚያ ውል አትመጣም ብዬ ለመንኳቸው።

«ሚስትህ ከዚህ ነዳጅ በላይ ተኝታ ቢሆንስ?» አሉኝ።

ጠርሙሶቹን ወደ መኪናዋ መልሼ መጫን ጀመርኩ።

ለመሠረት ሳልነግራት ሦስት ቀን ቆየሁ። ሐሙስ ቀን መኪናዬን ጥግ አስይዤ ደወልኩላት። እሷ ከዚያ ሰልፍ ወዲህ ባጃጁን እየነዳች ነው። የቤንዚን ግብሩ ሲጨምር ብዙዎቹ ሥራውን ተዉት፤ እሷ አሮጌዋን ሸጣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ያዘች። መብራት ሲጠፋ ታርፋለች። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ስትል የምታለቅስ መስሎኝ ማጽናናት ጀመርኩ።

«አላለቀስኩም» አለችኝ። «ስለቴ ሰምሮ ነው።»

«የምን ስለት?»

«እንዳትቀየመኝ። የመሄጃ ወረቀቴ እንዳይመጣ ለገብርኤል ተስዬ ነበር። ጃንጥላ።»

«እንዳይመጣ?»

«ምን ላድርግ፣ አልሄድም ብል ሰው ሁሉ አበደች ነው የሚለኝ። እናቴም ጭምር። እዚህ እኮ ሰው ሆኛለሁ። ሐይቅ ዳር ሆቴሎቹ እንግዳ ሲመጣላቸው ለእኔ ነው የሚደውሉት። እዚያ መጥቼ ሳህን ልጠብ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቤት አገኘሁ ብለህ እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትደውል፣ እንዴት ብዬ?»

ልቤ ተሰበረ፣ ሌላ ምን እላለሁ። የክረምት ካፖርት ገዝቼላት ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅዬው ነበር። ናፍቃኛለች፣ ደግሞም እውነቷን ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ አልዋጥልህ አሉኝ።

«ተቀየምከኝ?»

«አልተቀየምኩም» አልኳት፣ ተቀይሜ።

«ጃንጥላውን ለንግሡ ነው የማስገባው» አለችኝ። «የክርስትና ስምህንም ከስሜ ጎን ላስጠልፍበት?»

ዝናቡ የመኪናዋን መስታወት ይመታል። ከእሷ በኩል የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል።

«አስጠልፊው» አልኳት። ደንበኛ መጣባትና ስልኩን ዘጋችው።