የእናቴ ጉልበትና የጀርመን ዱቄት

ከአገር የወጣሁ ምሽት እናቴ ከበራችን አላለፈችም። የካ ዳገቱ ላይ ያለውን ሰፈራችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ታክሲ የሚመጣው እስከ አስፋልቱ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ኮብልስቶን በእግር ነው። ወንድሜ ናስር ሻንጣዬን ተሸክሞ ቀደመኝ፣ እኔ ከእሷ ጋር በሩ ላይ ቀረሁ። ጉልበቷ አብጦ ነበር። ሐኪሙ በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ልስልስ አጥንት አልቋል ብሏታል፤ እሷ ግን የምትከሰው ከእንጦጦ የሚወርደውን ንፋስ ነው። አቅፋኝ ስትጨርስ፣ "ዛሬ መሸኘት አቃተኝ። ስትመለሺ ግን አስፋልቱ ድረስ ወርጄ ነው የምቀበልሽ" አለችኝ። ያኔ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት አውሮፕላን ውስጥ ምግብ ሲሰጡኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

የመጣሁት ጀርመን ነው፣ ስሟን አስተካክሎ መጥራት ገና ወደሚያታግለኝ አንዲት ትንሽ ከተማ። ብርዱ የእኛን ብርድ አይመስልም። የየካ ብርድ ጠዋት መጥቶ ረፋዱ ላይ አፍሮ ይሄዳል፤ የዚህኛው አንዴ ከገባ ቤተኛ ነው። የሰፈራችንን የባሕር ዛፍ ሽታ ያገኘሁት ሳል ይዞኝ በገዛሁት ከረሜላ ውስጥ ነው። ሳሉ ከለቀቀኝ ቆየ፣ ከረሜላውን ግን እስካሁን እገዛለሁ።

አከራዬ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፣ ፍራው ሄልጋ እላቸዋለሁ። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው፤ እዚህ የሚጠራው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው አሉኝ፣ እኔ ግን እንደ አገሬ በራሳቸው ስም ጠራኋቸው፤ አርመው አርመው ሲደክማቸው ተዉኝ። እሑድ ልብስ አይታጠብም፣ ከምሳ በኋላ ድምፅ አይሰማም፣ ቆሻሻ እንደ ጤፍ ተለቅሞ ነው የሚጣለው። እንዲህ እየተጠነቀቅኩ ስኖር አንድ ቅዳሜ አላስችል አለኝና የበሬ እግር ሾርባ ጣድኩ።

እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የበሬ እግር ከሥጋ ቤት ታስመጣ ነበር። ፀጉሩ በእሳት ይለበለባል፣ ከዚያ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀኑን ሙሉ ሲፈላ ይውላል። ስንጠጣው ከንፈራችን እርስ በርሱ ይጣበቃል። "ይሄ ነው ለጉልበት" ትለናለች፣ ጉልበት ምን እንደሆነ እንኳ ለማናውቀው ልጆች።

ፍራው ሄልጋ የክፍሌን በር አንኳኩተው የሞተ ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሾርባ ነው፣ ለመገጣጠሚያ ጥሩ ነው አልኳቸው። አፍንጫቸውን እንደያዙ በሌላ እጃቸው ጉልበታቸውን አሳዩኝ፤ ለካ እሳቸውም የእናቴ ሕመም አለባቸው፣ አርትሮዘ ይሉታል። ወደ ኩሽናቸው ወስደው ነጭ ዱቄት ያለበት ቆርቆሮ አወጡ። ኮላገን ነው፣ ጠዋት ጠዋት እርጎ ላይ በጥብጠው ይበሉታል። ጀርባውን በስልኬ አስተርጉሜ ሳነብ ከበሬ ቆዳና አጥንት የተሠራ ይላል። አይ ጉድ! የእናቴ ድስት ውስጥ ያለው ነገር፣ ሽታው ወጥቶለት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ። ያንኑ ገዝቼ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ላኩላት።

ሲደርሳት ደወለች። አመስግና ሳትጨርስ፣ "የማን ሥጋ ነው?" አለችኝ።

"ዱቄት እኮ ነው፣ እማዬ።"

"ዱቄቱ ከምን መጣ?"

"ከበሬ።"

"በሬውን ማን አረደው?"

እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ሙስሊም ያላረደውን አንበላም። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ አስካለ ደግሞ ክርስቲያን ናቸው፣ ሙስሊም ያረደውን አይበሉም። ከሥጋ በቀር ሁሉን ተካፍለው ነው ከእናቴ ጋር ያረጁት።

ነገር ዓለሙን ትቼ ፋርማሲ ሄድኩ፤ አፖቴከ ይሉታል። የዚህን ዱቄት በሬ ማን እንዳረደው ጠየቅሁ። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አወለቀ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ፤ ማሽን ይመስለኛል አለኝ። ይህን ብነግራት የማሽኑን ሃይማኖት ልትጠይቀኝ ነው። ሌላ በእንክብል የተሠራ አወጣልኝ፤ ሽፋኑ ከአሳማ ነው። ወላሂ ሳቄ መጣ። እሱም ሳቀና እውነቱን ነገረኝ፣ ዱቄቱ ለአንዳንዱ ይረዳዋል፣ ለአንዳንዱ ምንም አያደርግም፤ እሱ እርግጠኛ የሆነው እንቅስቃሴን ነው። ሐኪሟን ትጠይቅ፣ ቀስ እያለች ግን በየቀኑ ትራመድ አለኝ። በመጨረሻ ቱርኮች ሱቅ ሐላል የሚል ቆርቆሮ አገኘሁና እሱን ላክሁ።

የመጀመሪያውን ቆርቆሮ እናቴ ለእትዬ አስካለ ሰጠቻቸው። የእሳቸው ጉልበት ከእሷም የባሰ ነው፣ ዱቄቱም ከፈረንጅ አገር ስለመጣ የክርስቲያን ነው ብላ ፈረደች። እትዬ አስካለ ተቀብለው መረቁ፤ ግን ሁዳዴ ነበር፣ የበሬ ነገር ከፋሲካ በፊት አይነካም፣ ቆርቆሮው ቁምሳጥን ላይ ወጣ። የእናቴ ሐላል ቆርቆሮ ሲደርስስ? እሱም ሳይከፈት ተቀመጠ! ጓደኛዋ እየጾሙ ብቻዋን ልትጠጣ? በስልክ ጮኽኩባት፣ ጉልበት ጾም አያውቅም አልኳት። "አጠገቤ ያለችውን ጥዬ እኔ ልዳን?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

በዚህ መሀል ናስር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ ትግባ ማለት ጀመረ። ዳገቱ ይገድላታል ይላል። የእሱ ቤት ያለው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። እናቴ አባዶ ከገባሁ የምወጣው በሰው ሸክም ነው ትላለች። እኔም አስፋልቱ ላይ እቀበልሻለሁ ያለችኝ ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ፋሲካ ሲያልፍ ሁለቱም ከፈቱ። እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቆርቆሮ፣ የየራሳቸው ማንኪያ፣ የሚቀመጡት ግን በራችን ላይ አንድ ድንጋይ ላይ። መራመድ ብቻውን ለእናቴ መድኃኒት አይመስላትም፤ ስለዚህ፣ "ዱቄቱ ካልተራመዱበት ጉልበት ጋ አይደርስም" አልኳት። ውሸት ይሁን እውነት ፋርማሲስቱ ይፍረድ። መጀመሪያ እስከ ሱቁ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ባሕር ዛፎቹ እስካሉበት መታጠፊያ። አንዷ ሲያማት ሌላዋ ትቆማለች፣ ሁለቱንም ሲያማቸው ተቀምጠው ሰው ያማሉ። ዱቄቱ ይሁን እርምጃው አላውቅም፣ ናስር ግን የአባዶን ነገር ማንሳት ተወ።

እናቴ ቁልቁል ስትለማመድ የእኔ ወረቀት ባለበት ቆመ። የመኖሪያ ፈቃዴ ሳይታደስ ከጀርመን ከወጣሁ በሩ ሊዘጋብኝ ይችላል። ቢሮው ስሄድ ሰውዬው ቀጠሮ፣ እነሱ ቴርሚን የሚሉት፣ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ቴርሚን ልይዝ ነው የመጣሁት አልኩት።

"ቴርሚን ለመያዝ ቴርሚን ያስፈልጋል" አለኝ።

"እሱን ማን ይሰጠኛል?"

"እኔ። ቴርሚን ይዘሽ ስትመጪ።"

እናታችሁ ካልናፈቀቻችሁ ያስቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ስልኬ ጠራ። ከእናቴ ድምፅ በፊት የታክሲ ረዳት መገናኛ፣ መገናኛ እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ደነገጥኩ፣ ወደ ሐኪም ቤት እየወሰዷት መሰለኝ።

"እማዬ፣ የት ነሽ?"

"አስፋልቱ ላይ" አለችኝ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። "ወረድኩ እኮ። በእግሬ። እኔ ቃሌን ጠበቅሁ፣ አንቺስ መቼ ነው?"

አፌ ውስጥ ያ የባሕር ዛፍ ከረሜላ ነበር። ኢንሻአላህ አልኩ። እትዬ አስካለ ከጎኗ ሆነው፣ "ልጅቷን አታስጨንቂያት። ነገም እንወርዳለን" ሲሉ ሰማሁ።

እናቴ ስልኩን መዝጋት አታውቅም፣ እንደተከፈተ ኪሷ ከተተችው። ዳገቱን ሲወጡ ትንፋሿን፣ እረፍቷን፣ ወሬያቸውን እያዳመጥኩ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የቆርቆሮ በራችን ሲከፈት ሰማሁት፣ ከዚያም ከኋላዋ ሲዘጋ።