በሰው ስም የወጣ ላብ

ልብስ ሰፊዋ ቀናተኛ ናት። ይህን የሚያውቅ ግን የለም፤ ቅናቷን ውጣ ነው የምትኖረው። በባሏ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቀንታ አታውቅም። የምትቀናው በታናሽ እህቷ ነው።

እናታቸው ስትሞት ታናሺቱን ያሳደገቻት እሷ ናት፣ በዚያችው የስፌት መኪናዋ። ልጅቷ ተማረች፣ ተመራማሪ ሆነች። የምታጠናውም ስለ ማረጥ ነው፤ ጭንቀትና የኑሮ ጫና የሴትን ሰውነት በዚያ ዕድሜ ምን እንደሚያደርገው። ለጥናቱ ፈቃደኛ የሆኑ ሴቶች የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ደረታቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ መሣሪያዋም ላባቸውንና የልብ ምታቸውን ትመዘግባለች። አመሻሽ ላይ ተመራማሪዋ ሁለቱ በሚኖሩበት ቤት ሳሎን ቁጭ ብላ በየተራ ትደውልላቸዋለች።

«እንዴት ዋሉ እናቴ? ሙቀቱስ ቀለል አለልዎት? አይዞዎት፣ ያልፋል።»

ልብስ ሰፊዋ ጥግ ካለችው መኪናዋ ኋላ ሆና አንጀቷ ያርራል። እሷንም እኮ ሙቀቱ ከጀመራት ቆይቷል። ድንገት ከደረቷ ይነሳና ፊቷን እሳት ያደርገዋል፤ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው ሜትር በላብ ይርሳል። አንድ ቀን እህቷ ቀና ብላ አየቻትና «ምን ሆነሽ ነው መስኮቱን ሁልጊዜ የምትከፍቺው? ብርድ ገባ እኮ» አለቻት። ከዚያ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ከሁሉም የምትጠላው ከጥናቱ ሴቶች አንዷን፣ ጡረታ የወጣችውን አስተማሪ ነበር። ተራው እሷ ጋ ሲደርስ ወሬው ይረዝማል፣ ሳቅም አለበት። አንድ ዓርብ ተመራማሪዋ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳ ሳለ፣ ይህችው አስተማሪ መጥታ መሣሪያዋን «ለእህትሽ ስጪልኝ» ብላ ሄደች። ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ደግሞ ልብስ ሰፊዋን ይብስ አናደዳት።

ምን እንደነካት እንጃ፣ መሣሪያዋን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ቅዳሜንም እሑድንም እንደለጠፈቻት ሰፋች፣ ተኮሰች፣ ከደንበኛ ጋር ተጨቃጨቀች።

ሰኞ እህቷ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ያገኘቻትን የአስተማሪዋን መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘችና ክው አለች።

«እትዬ፣ ነይ እስቲ እይ። እኚህን አስተማሪ ምን አገኛቸው? ሁለት ቀን ሙሉ በሙቀት ሲነዱ ነው የሰነበቱት። ልባቸውንማ ተዪው። እንዲህ እየሆኑ ነው ደህና ነኝ የሚሉኝ?» ድምጿ ተሰበረ። «ብቻቸውን እኮ ነው የሚኖሩት።»

ልብስ ሰፊዋ የእህቷን ዓይን አየችው። እንባ አቅርሯል። ላቡ የራሷ፣ የልብ ምቱም የራሷ፤ እንባው ግን ለሌላ ሴት ሆነ። በዕድሜዋ እንዲህ ቀንታ አታውቅም። ተመራማሪዋ ስልኳን አንስታ መደወል ጀመረች። ታላቂቱ አሁን ከተናገረች የእህቷን ሥራ እንዳበላሸች ማመኗ ነው። ዝም ማለት ግን አልቻለችም።

«ዝጊው» አለች። «አስተማሪዋ መሣሪያውን የመለሰችው ዓርብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የኔ ነው።»

ተመራማሪዋ ስልኩን ዘጋች። «አንቺ እኮ…» ብላ ልትቆጣ ጀመረችና ተወችው። ወደ ስክሪኑ ዞረች፣ ተመልሳ እህቷን አየቻት።

«ሙቀቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት አለፈው።»

«እዚሁ አጠገቤ ሆነሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሴቶቹም እኮ ስለጠየቅሻቸው ነው የነገሩሽ።»