የጋቢናው ጣሪያ

ጣሪያ ተሰጥቶኝ ተቆርጦብኛል። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ።

ትናንት ከሽማግሌው አጎቴ ጋር በጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ስናልፍ፣ ጋራዥ ውስጥ ወጣቶች የአሮጌ ፒክአፕ ጣሪያ ይቆርጡ ነበር። የተቃጠለ ብረትና ቀለም ሲሸተኝ ያደግሁባት ከተማ፣ የቡ፣ ትዝ አለችኝ።

አባቴም ፒክአፕ ነበረው። የቤታችን ወንዶች ጋቢና ይቀመጣሉ፤ እኔ ከኋላ የቡና ጆንያ ላይ ሆኜ ዝናብ ያበሰብሰኛል። አንድ ክረምት ሳል ሲጥለኝ፣ አባቴ «ከእንግዲህ ቦታሽ ጋቢና፣ አጠገቤ ነው። ወላሂ፣ ልጄን ዝናብ አይነካትም» አለኝ። ለጎረቤት ልጆች ሁሉ አወራሁ።

በበጋው አባቴ መኪናውን ትቶ በአውቶቡስ ወደ ሸቤ ከተማ ሄደ። ያኔ ሊያገባ የተዘጋጀው ይኸው አጎቴ፣ ሙሽራ ቆሞ ይታይ ብሎ የጋቢናውን ጣሪያ በብረት መጋዝ ቆረጠው። በሩን ይዤ አልለቅም ብዬ አለቀስኩ።

«ዞር በይ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ሠርግ እኮ ነው» አለኝ እየሳቀ።

አባቴ ሲመለስ ይፈርድልኛል ብዬ ደጅ ጠበቅሁት። መኪናውን ዞሮ አየና፣ «ማሻአላህ፣ አማረ» ብሎ ወንድሙን መረቀ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። በቀጣዩ ክረምትም ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

አጎቴን ዕድሜ ልኬን ተቀየምኩት። ትናንት ጋራዡ ደጅ ላይ፣ «የአባቴን አደራ እንዴት ደፍረው ቆረጡት?» አልኩት።

ምርኩዙን ተደግፎ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ መች ደፈርኩ? መጋዙን ተውሶ ያመጣልኝ አባትሽ ነው። ‹እኔ ሸቤ ስሄድ ቁረጠው፤ ስታለቅስ የልጄን ፊት ማየት አልችልም› አለኝ።»