ከአባቴ ጋር ወንጪት ዳር

ባለቤቴ ወንዝ ሲያይ ፊቱ ይፈካል። እኔ ወንዝ ሳይ የሚታየኝ ሊገድለን የሚችለው ነገር ሁሉ ነው። ስለዚህ በቤታችን የጉዞውን ዝግጅት የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ በአየር የምትነፋውን የጎማ ታንኳችንን በፓምፕ ሲነፋና ሲያስተነፍስ ይውላል፤ እኔ አጎበሩን፣ ላይፍ ጃኬቱን፣ መድኃኒቱን፣ የጎማ መጠገኛውን እሸክፋለሁ፤ ከሸከፍኩ በኋላም እንደገና አውጥቼ አያለሁ። «ክሊኒክ ልንከፍት ነው እንዴ?» ይለኛል። ይሳቅ፤ ውሃም እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ጉዞውን አልወደውም ማለቴ ግን አይደለም። ኅዳር ላይ የወንጪት ወንዝ ውሃው ይጠራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ ቀዝፈን አመሻሽ ላይ ድንኳናችንን ስንተክል፣ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ ያለ አይመስለኝም። ጭንቀቴ የሚመለሰው ልተኛ ጫማዬን ሳወልቅ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን አባቴ ሰሙ። አባቴ መንዝ ውስጥ የቀየት ገበሬ ናቸው። በእነሱ ዘንድ ደገኛ ቆላ ቢወርድ ጉዳዩን ፈጽሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይወጣል እንጂ አያድርም፤ ታናሽ ወንድማቸው እዚያ አድሮ በመጣበት ንዳድ ነው የሞተው። ዓለም ከተማ እኛ ቤት ድረስ ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉና «እኔ እያለሁ ልጄ ብቻዋን ቆላ አታድርም» አሉ። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል፤ ከቁጥር አልገባም።

ብላቸው ብሠራቸው አልመለስ አሉ። አሁን የምፈራው ለሦስት ሰው ሆነ። አንዳችን ብንጎድል እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ታንኳዋ ላይ እንደወጡ ጠርዟን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። እኩለ ቀን ሲሆን ድምፃቸው ጠፋ። ዞር ብል የባለቤቴን መቅዘፊያ ተቀብለው ይቀዝፋሉ። «ይቺማ ከበቅሎ ትሻላለች፤ አትደነብርም» አሉኝ። የዚያን ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ወደ ማታ ባለቤቴ ከፍ ያለ ሣራማ ቦታ አሳየን። እኔ እንቢ አልኩ፤ ሣር ካለ ቢንቢ አለ፣ እባብም አለ። አባቴም «ልክ ናት» አሉ። ውሃው ዳር ካለው ንጹሕና ደረቅ አሸዋ ላይ ድንኳኑን ተከልን። በምርጫዬ ኮርቼ ነበር።

ሽሮው እሳት ላይ እንዳለ አባቴ ቀና ብለው ወደ መንዝ አዩ። ተራራው ጠቁሯል፤ መብረቅ ይላል። «ቀየት ላይ እየጣለ ነው» አሉና ብድግ አሉ። ገብሳቸው ታጭዶ ማሳው ላይ ተኝቷል፤ ገና አልተከመረም። ሦስታችንም ደገኞች አይደለን? የዓመት ቀለብ ሊበሰብስ ነው ብለን ተንጫጫን። ጎረቤት ሸራ እንዲያለብስላቸው መደወል አለባቸው፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ዳገቱን ተያያዙት። እንዳይወድቁ ብዬ ባትሪ ይዤ ተከተልኳቸው። ባለቤቴ ሽሮውን ሊጠብቅ ቀረ።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስልኩ ሠራ፤ ደወሉ። ጎረቤታቸው ሳያነሳ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት። በዚያ ሸለቆ መንገድ የለም። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ቀና ብዬ መንዝን አየሁ፤ ቁልቁል አሸዋችንን አየሁ። ያ ሁሉ ዝናብ የት የሚሄድ መስሎን ነበር?

ጮህኩ። ባትሪውን አወዛወዝኩ። ባለቤቴ፣ የእሱ ነገር፣ ሰላም ያልኩት መስሎት የራሱን ባትሪ አወዛወዘልኝ! አባቴ ስልኩን እጄ ላይ ጥለው፣ በዚያ ከማሳ ማሳ በሚጣሩበት ድምፅ «ደራሽ! ደራሽ ውሃ መጣ፣ ውጣ!» አሉ። የእሱ ባትሪ ሲዞር አየሁ። ከዚያ ጥቁር ውሃ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ መጣ፤ እሳቱ ጠፋ፣ ባትሪውም ጠፋ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አምላኬን ምን እንዳልኩትም አላስታውስም። ከታች ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና እስከ ወገቡ የራሰ ሰው በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ። በጥፊ መታሁት፤ ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አባቴ እጅጌውን ጨምድደው ያዙት። «ልጄ» አሉት፤ እሱን እንዲህ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው።

እጄ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ጎረቤታቸው ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አቀበልኳቸው። «አይዞዎት፣ ገብሱን ቤተሰቡ ሁሉ ወጥቶ አልብሶታል። የጉድ ዝናብ ነው የጣለው! እናንተ ዘንድስ ዘነበ?»

አባቴ ድንኳናችን የነበረበትን ቦታ የዋጠውን ውሃ አዩ። የባለቤቴን እጅጌ አልለቀቁም።

«እዚህስ ጠብ አላለም» አሉ። «የእናንተው ደርሶን ነው።»