የዊንቹ ልብስ

እርሾ ልበደር እማማ ዜቫር ቤት ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ ልጃቸው አቅናዛር በሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ መርፌ ላይ ክር ሲያስገባ አየሁት። አንድ በአንድ እያስገባ የእናቱ መስፊያ ትራስ ላይ ሰካቸውና እሳቸው ሳይነሱ ቀስ ብሎ ወጣ። የእማማ ዜቫር ዓይን ከደከመ ቆይቷል። «ዛሬም ክሩን አስገብቼ ነው ያደርኩት፤ አላህ ዓይኔን አልነሳኝም» እያሉ የሚደሰቱት ለካ በዚህ ነው።

አቅናዛር የመንደራችን ሹፌር ነው። ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ የባርታንግን ወንዝ የምታሻግረን የእሱ አሮጌ ጂፕ ብቻ ናት። ማዶ ያለው ዳገት ጭቃ ነው። እዚያ ስትደርስ የብረት ገመዷን ቋጥኝ ላይ ያስርና፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው በባትሪ የሚሠራ ዊንች ጎትቶ ያወጣታል።

ሰሞኑን ግን ዊንቹ እየጎተተ ድንገት ቀጥ ይል ጀመር። ምራቴ ሳቭሳን ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ሐኪሙ ያለ ቀዶ ሕክምና አይሆንም ስላላት በነጋታው ወደ ከተማ መሻገር አለባት። ዳገቱ ላይ ተይዘን ብንቀርስ? አቅናዛር ጭንቀቴን አይቶ «ነይ፣ ዛሬ ባዶዋን እንሞክራት» አለኝ።

ወንዙን አልፈን ዳገቱ ሥር ስንደርስ ገመዱ ተወጠረ። ዊንቹ ትንሽ አጓርቶ ዝም አለ።

«አኮረፈ ደግሞ!» አልኩት።

«እትዬ ጉልሲፋት፣ አማቴ እንኳ እንዲህ አኩርፋኝ አታውቅም» አለና ሳቀ። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ባትሪውን በቴስተር ለካው፤ ደህና ነው። የባትሪውን ራስ ፋቀ፣ የኬብሎቹን ብሎን አጠበቀ፣ የዊንቹን ማዘዣ ነቅሎ መልሶ ሰካው። ምንም የለም። ደክሞት አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጨው ባለው የወተት ሻይ ዳቦ በላን። ተነስቶ ሲሞክረው ዊንቹ ሠራ! ደስታችን ሳያልቅ ግን እንደገና ቆመ።

«ምን ጉድ ነው? እኛ ስንበላ እሱ ዕረፍት ላይ ነበር እንዴ?» አልኩ፣ ለቀልድ።

አቅናዛር ዞር ብሎ አየኝና ወደ ዊንቹ ሄደ።

በእኛ ዘንድ በብርድ ጊዜ ሞተር ሳይለብስ አያድርም። እማማ ዜቫርም አዲሱን ዊንች እንዳይበርደው ብለው ወፍራም የበግ ፀጉር ባና አልብሰውታል። የመጀመሪያውን ልብስ ነፋስ ስለወሰደባቸው ይኼኛውን እዚያው መኪናው ላይ፣ ገመዱ የሚወጣበትን ብቻ ትተው፣ ዙሪያውን ሰፍተው ዘጉት። ቀይ አበባም ጠልፈውበታል።

ጣቱን በባናው ጠርዝ አስገባና ወዲያው መለሰው። «ምድጃ ሆኗል እኮ! ሲግል እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። እማ አፍናዋለች።»

ቢላውን አወጣ፤ ግን አልቆረጠም።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«በዓይኗ መሰለሽ የሰፋችው? በጣቷ ዳብሳ ነው። ማታ ስገባ ሁልጊዜ መጥታ ትነካዋለች።»

«ሳቭሳንስ?» አልኩት።

«ቢስሚላህ» አለና ባናው እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ ክሩን ስፌት በስፌት በጠሰው። ዊንቹ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ሞከርነው። እስከ ዳገቱ አናት ድረስ አንዴም ሳይቆም አወጣን። ማታ እናቱ እንዳይነኩት ብሎ ጂፗን እኔ ግቢ አሳደራት።

በነጋታው ሳቭሳንን አሻገርናት። ከሰዓት በኋላ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ነርሷ ወጥታ «ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለችን። «አልሀምዱሊላህ» አልኩ። ወደ ጂፗ ሄጄ የአቅናዛርን እጅ ያዝኩና «ምን ላድርግልህ ልጄ?» አልኩት።

ከመቀመጫው ሥር የታጠፈውን ባና አወጣ።

«እትዬ፣ አንቺ መጽሐፍ ስለምታነቢላት እማ የአንቺን ነገር ትሰማለች። እኔ ብነግራት ስፌቴን ጠላው ብላ ታዝናለች። ማታ የሚለብሰው፣ ቀን የሚያወልቀው እንዲሆን በቁልፍ ትስፋልኝ። ብርዱ ሌሊት እንደሚጎዳው ንገሪያት፤ እውነት ነው፣ ውሸት አይሆንብሽም።»

ባናውን ሰጠኝ።

«የመርፌውን ነገር ግን አደራ። በሩ ላይ እንዳየሽኝ አውቃለሁ።»