ለማርቆስ ያላቀበልሁት ስልክ

እኔ ኤርጫፎ የትምህርት ቤት በር ሳልረግጥ ያወቅሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሌሎች ልጆች ትከሻ ላይ አጮልቄ ነው። እንግሊዝኛውን ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ለቀምሁት፤ መኪና መንዳቱንም ማንም አላሳየኝም። ጆሃንስበርግ ከገባሁ ወዲህ የአገሬ ልጆች ሲጣሉ፣ ወረቀት ሲጠፋባቸው፣ ሰው ሲሞትባቸው የሚጠሩት እኔን ነው። መርዶ ሲነገር ከፊት የምቀመጥ እኔ ነኝ። ስለ ዱር አራዊትም ቢሆን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን ወፍራም መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ይህን ሁሉ የማስቀድመው ሽማግሌው ሳያውቅ ነው ያጠፋው እንዳትሉኝ ነው። አውቄ ነው ያጠፋሁት። ለሚስቴም ለፓስተሬም ያልነገርሁትን ለእናንተ ልናገር ነው።

የኮሮናው ጊዜ ነው። ክልከላው ላላ ብሎ ከከተማ መውጣት በተፈቀደ ሰሞን ከከተማው ዳር ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሰፈር ያሉ አራት ባለሱቆች "ጋሼ፣ ታፍነን ልናልቅ ነው፤ አንድ ቀን አውጣን" አሉኝ። ማርቆስ ከነሱ አንዱ ነው። የዱራሜ ልጅ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ከሱቁ ፍርግርግና ከጅምላ መደብሩ በቀር ምንም አላየም። የያዘው የጥገኝነት ወረቀት ስለሆነ አገሩ ገብቶ መመለስ አይችልም። አባቱ ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ወር አልፏቸዋል። ጠዋት ጠዋት እየደወለ ድምፃቸውን ይሰማል፤ ከሳቸው የቀረው ይኸው ነው። በዚያን ቀን ጎህ ሳይቀድ ስላስነሣሁት አልደወለም።

በሚኒባሴ ጭኜ አራቱን ወደ ፒላንስበርግ ብሔራዊ ፓርክ ወሰድኋቸው። ገና ከበሩ ጀምሮ አንጀቴን አሳረሩት። ዝሆን ሳሳያቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ራሳቸውን ፎቶ ያነሣሉ። ስለ ሚዳቋ አመጋገብ ሳስረዳ አንዱ "ጋሼ፣ ይኼ ጥብስ ይሆናል?" ይለኛል። ጎሹን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ለፍቼ ሳቆም ሌላው ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ "ይኼን ያህል መንገድ ከብት ልታሳየን ነው ያመጣኸን? ሰው ነብር አይቶ ይመጣል" አለ። ሳቁ። በእኔ ሳቁ። ነብር በየትኛው ሰዓት የት እንደሚተኛ በቃሌ በማውቀው ሰው።

ረፋዱ ላይ ከመኪና መውረድ የሚፈቀድበት ግቢ ደረስን። የኔ ስልክ እዚያ ኔትዎርክ ያገኛል፤ የነሱ የሌላ ድርጅት ሲም ስለሆነ አያገኝም። ጮኸ። የማርቆስ እህት አስቴር ናት፤ ቁጥሬን ከሱቁ ጎረቤት ተቀብላ ነው።

"ጋሼ፣ አባዬ ዛሬን የሚያድሩ አይመስለኝም። አእምሮአቸው ግን አለ። ማርቆስን አገናኙኝ እያሉ ነው። ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ይዤላቸዋለሁ፣ እባክዎ።"

ማርቆስ ከኔ ሃያ እርምጃ ርቆ የድንች ጥብስ ይበላል። ሃያ እርምጃ። ስልኩን ባቀብለው ምን እሆን ነበር?

"ኔትዎርክ የሌለበት ነው ያለው፤ ሲመጣ አገናኝሻለሁ" አልኋት።

ለምን? እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለሰው መንገድ ላይ አይነገርም። ይደበቃል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ንጋት ላይ ቤቱ ይነገረዋል። እኔ ወግ ጠበቅሁ፤ ለራሴ የነገርሁት ይህን ነው። ውሸት ነው። መርዶ የሞተ ሰው ወሬ ነው፤ እሳቸው ገና እየተጣሩ ነበር። በሕይወት ባለ ሰው ላይ የመርዶ ወግ ያወጣሁ እኔ ነኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ስልኩ ከመጮኹ ትንሽ ቀደም ብሎ አንድ ሹፌር ከግቢው በታች ካለው ወንዝ ማዶ ነብር እንዳየ ነግሮኝ ነበር። ማርቆስ ካለቀሰ ጉዞው ይፈርሳል፤ እኔም ከብት ያሳየ ሽማግሌ ሆኜ ልቀር ነው። ስልኬን አጠፋሁት። እኔው ነኝ፣ በገዛ አውራ ጣቴ።

ነብሩን አገኘሁት። ቋጥኝ ላይ ተጋድሟል። ማርቆስ ባትሪው እስኪያልቅ ቪዲዮ ቀረጸ፤ "ነገ ለአባዬ እልክላቸዋለሁ። ዘመናቸውን ሙሉ ነብር ገደልሁ እያሉ ዋሽተውናል፤ ምን እንደሚመስል ይዩት" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ጋሼ፣ አንተ እኮ ሊቅ ነህ" አለኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም፤ ደስ አለኝ።

ከበሩ ወጥተን ስልኬን ስከፍት የአስቴር መልእክቶች ተደርድረዋል። "ጋሼ፣ መጣ?" "አሁንም እየጠሩት ነው።" የመጨረሻው "አረፉ" ይላል። ሰዓቱን አስልቼዋለሁ፣ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። እኛ ነብሩ ፊት ቆመን ስንስቅ እሳቸው በሕይወት ነበሩ፣ ስልኩም ጆሮአቸው ላይ ነበር።

ማርቆስ እስከ ዛሬ የሚረግመው ኔትዎርኩን ነው። ማሩኝ አልላችሁም፤ ምሕረቱ በእጃችሁ የለም። ያለው በሱ እጅ ነው፤ እሱን መጠየቅ ግን አልደፈርሁም። ይህን ያህል አውቃለሁ የሚል ሰው አንዲት ዐረፍተ ነገር መናገር እንዴት ያቅተዋል?

ያልቻልሁትን ካወቃችሁ የቻልሁትንም እወቁ። አራት ሰው ወስጄ አራቱንም በሰላም መልሻለሁ። ዝሆን፣ ጎሽ፣ አውራሪስና ነብር በአንድ ቀን አሳይቻለሁ። ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን የሁሉንም ወረቀት አስረድቼ አሳልፌያለሁ። ማርቆስ ወሬውን ከሌላ እንዳይሰማ እስኪነጋ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ብዙ ሰው መሰብሰብ ክልክል በነበረበት ጊዜ ፓስተሩንና ሦስት ሽማግሌ አራርቄ አስቀምጫለሁ። መርዶውን በወጉ፣ ቃል ሳይደናቀፈኝ ተናግሬያለሁ። ሲወድቅ ደግፌዋለሁ። "ጋሼ ባይኖር ምን እሆን ነበር" ብሎ ጉልበቴን ሲስም ዝም ብያለሁ። እሱንም ችዬበታለሁ።